ስታርዲው ቫሊ፣ ኤ ሾርት ሃይክ፣ አንፓኪንግ ወይስ ኮፊ ቶክ? ለጅማ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ጅማ ውስጥ ጌም ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታሰበው በፕሌይስቴሽን ቤት የሚደረገው የኳስ ግጥሚያ ወይም በስልክ የሚካሄደው የተኩስ ፍልሚያ ነው። ትንንሽ ቡድኖች፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ብቻውን የሚሠሯቸው፣ ተጫዋቹን ረጋ አድርገው የሚያቆዩ ጌሞችም ግን ባለፉት ዐሥር ዓመታት በርክተዋል። ከእነዚህ መካከል በተደጋጋሚ የሚመከሩትን አራቱን እዚህ ጎን ለጎን ማየቱ ይጠቅማል፤ ሁሉም በዶላር የሚሸጡ ስለሆኑ፣ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለአንድ ዶላር የሚከፈለው ብር እጅግ ስለጨመረ፣ ሳያመዛዝኑ መግዛት ዋጋ ያስከፍላል።

ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ምን ዓይነት እረፍት እንደሚፈልግ ነው። አራቱም የሚያሳርፉ ተብለው ቢሸጡም የሚሰጡት እረፍት አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንዲያውም ከአራቱ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ተጫዋቹን ከሁሉም በላይ በሥራ የሚወጥር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የሚጠይቁት የእንግሊዝኛ መጠን ነው፤ አንዳቸውም በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ አልተዘጋጁም። ሦስተኛው ጉዳይ መብራት ነው። በኔትወርክ በኩል ግን የሚያሳስብ ነገር የለም፤ አራቱም አንዴ ከወረዱ በኋላ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ስታርዲው ቫሊን ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ አራት ዓመት ተኩል ያህል ብቻውን ለፍቶበት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ለገበያ አቀረበው። ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ንግግሩንና ኮዱን ሁሉ ራሱ እየሠራ፣ ጎን ለጎን ሲያትል ውስጥ በአንድ ቲያትር ቤት የአስተናጋጅነት ሥራ ነበረው። ጌሙ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠለት ሲሆን፣ ከወጣ ጀምሮ የተጨመሩለት ትልልቅ ማሻሻያዎች ሁሉ ለገዢዎች የተሰጡት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ የተሰላቸ ሠራተኛ አያቱ የተዉለትን እርሻ ተረክቦ ወደ ገጠር ይገባል፤ መሬት ይመነጥራል፣ ይዘራል፣ ከብት ያረባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ይወዳጃል፣ ከፈለገም ያገባል። ማዕድን ማውጫ ዋሻው ውስጥ በሰይፍ የሚደረግ ቀለል ያለ ውጊያም አለ፤ ለትንሽ ልጅ የሚገዛ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

የጅማ ሰው ይህን ጌም ሲከፍት ከሌላው አገር ተጫዋች በተለየ ዐይን የሚያየው ነገር ቡናውን ነው። በጌሙ ውስጥ የቡና ፍሬ ራሱ ዘር ነው፤ መሬት ላይ ተዘርቶ በየቀኑ ውኃ ከጠጣ በ10 ቀን ያፈራል፣ ከዚያም በየ2 ቀኑ አራት አራት ፍሬ ይሰጣል፣ አምስቱ ፍሬ በርሜል ውስጥ ሲገባ አንድ ስኒ ቡና ይወጣዋል፣ የጠጣው ገበሬም ለጥቂት ጊዜ ፈጠን ብሎ ይራመዳል። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪያይ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚጠብቅ የአጋሮና የጎማ ገበሬ ልጅ፣ ያለ ጥላ ዛፍ የበቀለ፣ እሸቱ ከጀንፈሉ ያልተለየ፣ አልጋ ላይ ያልተሰጣ ቡና በሁለት ሳምንት ውስጥ ስኒ ላይ ሲደርስ ቢገረም አይፈረድበትም። እንዲያውም የቡናው ተክል የሚቆየው ከአራቱ ወቅቶች በሁለቱ ብቻ ሲሆን ሦስተኛው ወቅት ሲገባ ይደርቃል፤ ገበሬውም በሚቀጥለው ዓመት እንደ በቆሎ እንደገና ይዘራዋል። ይህ ጌሙን የሚያሳንሰው አይመስለኝም። እርሻን ለማስተማር ሳይሆን የእርሻን ደስታ፣ ማለትም የዘሩትን ነገር ጠዋት ወጥቶ በቅሎ የማየትን ደስታ፣ አሳጥሮ ለመስጠት የተሠራ ነውና፤ ያንን ደግሞ ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ስታርዲው ቫሊ ሰዓት አለው። በጌሙ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ የሚያልፈው በሰባት ሰከንድ ስለሆነ፣ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ማለፊያ ያለው ሙሉ ቀን 14 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በዚያ ውስጥ ማጠጣት፣ እንስሳቱን መንከባከብ፣ ሱቁ ሳይዘጋ መድረስ፣ የሰው ልደት ማስታወስ አለ፤ ገበሬው ሳይተኛ ካመሸ ባለበት ተዝለፍልፎ ይወድቅና ገንዘብ ያጣል። ጉልበቱም የሚያልቅ ነው። ነገሮችን በሥርዓት ማቀድ ለሚወድ ሰው ይህ እጅግ ይጥመዋል፤ ቀኑን ሙሉ በሰዓት ሲሯሯጥ ለዋለ የባንክ ሠራተኛ ወይም ለፈተና እየተዘጋጀ ላለ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ሌላ የሥራ ቀን መጨመር ሊሆን ይችላል። «አንድ ቀን ብቻ ልጨምር» እየተባለ ሌሊቱ የሚነጋበት ጌም መሆኑን ስለማውቅ፣ የሚወስደው ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው በሴሚስተር መካከል እንዲጀምረው አልመክርም፤ የክረምት እረፍት ግን ተስማሚው ጊዜ ነው።

የትኛውን ቅጂ መግዛት እንደሚሻል ግልጽ ነው። የኮምፒውተሩ መደበኛ ዋጋ 14.99 ዶላር ሲሆን የስልኩ 4.99 ዶላር ነው፤ ይዘታቸውም በዋናነት አንድ ነው። በኮምፒውተር ላይ ጌሙ የሚመዘገበው ገበሬው ሲተኛ ብቻ ነውና ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ የሚጫወት ሰው መብራት ድንገት ሲጠፋበት የዚያን ቀን ሥራ ያጣል። የስልኩ ቅጂ ግን ጌሙን ትቶ ሲወጡ ያሉበትን ያስቀምጣል። ችግሩ በጣት መቆጣጠሩ ነው፤ በተለይ ዓሣ ማጥመድና ዋሻ ውስጥ መዋጋት በስልክ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ኮምፒውተርን በተመለከተ 2 ጊጋባይት ራምና 500 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። እንግሊዝኛውም መካከለኛ ነው፤ የሰዎቹ ንግግር አጫጭር ሲሆን ብዙ ቃል ስለሚደጋገም አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳይቸገር ይከተለዋል።

ኤ ሾርት ሃይክ የስታርዲው ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። አዳም ሮቢንሰን-ዩ የተባለ ካናዳዊ የሠራው ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ ራሳቸውን ችለው ለሚሠሩ ጌም ሠሪዎች በሚዘጋጀው ፌስቲቫል ላይ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ክሌር የተባለች ወጣት ወፍ አክስቷ ጥበቃ በምትሠራበት የተራራ ፓርክ ውስጥ ሳለች አንድ አስፈላጊ የስልክ ጥሪ ትጠብቃለች፤ ኔትወርክ የሚገኘው ግን ከተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ለመደወል ሲሉ ኮረብታ ላይ መውጣት ለገጠሩ ሰው ማስረዳት የማያሻው ነገር ስለሆነ፣ ከአራቱ መነሻው ቶሎ የሚገባን ይህ ይመስለኛል። ጨዋታው እንግዲህ ወደ ጫፉ መውጣት ነው፤ ወርቃማ ላባዎችን በሰበሰቡ ቁጥር ክሌር ገደሉን ይዛ ከፍ ብላ መውጣት ትችላለች፣ ከከፍታው ላይ ክንፏን ዘርግታ ስትንሳፈፍ ደግሞ ደሴቱ በሙሉ ከታች ይታያል። የሚያሸንፍ ወይም የሚሸነፍ የለም፣ ሰዓት የለም፣ መንገድ ቢስቱ የሚያገኙት ሌላ መንገደኛ ነው። ሰዎቹ (እንስሳት ናቸው) የሚናገሩት አጭርና ቀላል እንግሊዝኛ ነው።

ቅሬታ ሊነሳበት የሚችለው በርዝመቱ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ተጫዋች በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል፤ 7.99 ዶላር ለዚያ ብዙ ነው የሚል ሰው አይሳሳትም። እኔ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተጀምሮ ሳይመሽ የሚያልቅ ጌም መኖሩን እንደ ጉድለት አላየውም፤ ጊዜ ለሌለው ሰው የመጀመሪያው ምርጫዬ እሱ ነው። ባሕሩን ዞሮ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ የተደበቁትን ሁሉ ልፈልግ ለሚል ደግሞ ሰዓቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። የተሠራው ለኮምፒውተርና ለኮንሶል ነውና ስልክ ብቻ ያለው ገዢ ይለፈው።

አንፓኪንግን ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ያለው ዊች ቢም የተባለ ጌም ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 አወጣው፤ በ2022ም የብሪታኒያው የፊልምና የጌም ሽልማት ሰጪ ተቋም ባፍታ በትረካና በሕዝብ ምርጫ ሽልማት ሰጥቶታል። በእንግሊዝኛ ለማይዝናና ሰው ከአራቱ የሚስማማው ይህ ነው፤ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። አንዲት ሴት ከ1997 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ስምንት ጊዜ ቤት ስትለቅ፣ ተጫዋቹ ካርቶኖቹን እየከፈተ ዕቃዋን አንድ በአንድ በቦታው ያስቀምጣል፤ ፊቷ ሳይታይ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ሕይወቷ ከዕቃዋ ይነበባል። በ2010 ከጓደኛዋ ጋር ለመኖር ስትገባ ቤቱ በእሱ ዕቃ ሞልቶ ይጠብቃታል። ተጫዋቹ ዲፕሎማዋን ከካርቶኑ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ይሞክራል፣ ቦታ የለም፤ መደርደሪያ ላይ ይሞክራል፣ ጌሙ አይቀበለውም፤ በመጨረሻ የሚገባው አልጋ ሥር ነው። ያንን ዲፕሎማ በእጁ ገፍቶ አልጋ ሥር ያስገባ ተጫዋች ስለዚያ ግንኙነት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ቃል ሳይናገር ይህን ያህል የሚል ሌላ ጌም አላውቅም።

ዋጋው በኮምፒውተር 19.99 ዶላር ነው፣ ከአራቱም ውዱ፤ ርዝመቱ ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ ብቻ። ስለዚህ ቅናሽ እስኪወጣ መጠበቁ ይሻላል፤ የኮምፒውተር ጌሞች በኢንተርኔት በሚሸጡበት በስቲም ላይ በየወቅቱ በሚደረገው የቅናሽ ሽያጭ ዋጋው ዝቅ ይላል። ለስልክም ተዘጋጅቷል። ዕቃው የግድ «በትክክለኛው» ቦታ እንዲቀመጥ መጠየቁ የሚያናድደው ሰው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ዕቃ በፈለገው ቦታ እንዲቀመጥ መፍቀድ ይችላል፤ የታሪኩ ጉልበት ግን ያን ጊዜ ይቀንሳል፤ ዲፕሎማውም እንደዚያው።

ኮፊ ቶክ በስሙ ብቻ ጅማ ውስጥ ገዢ ሊያገኝ ይችላል፤ ለዚህ ነው ጥንቃቄ የሚያሻው። ቶጌ ፕሮዳክሽንስ የተባለው የኢንዶኔዥያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ይህ ጌም ሌሊት ብቻ በሚከፈት የሲያትል ካፌ ውስጥ ይካሄዳል፤ ተጫዋቹ ከመጡት ደንበኞች ጋር እያወራ ሦስት ሦስት ነገር ቀላቅሎ መጠጥ ያቀርባል፤ ቡና፣ ሻይ፣ ወተት፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ማር አሉ፤ ጀበናና ጤና አዳም የሉም። የዝናቡና የሙዚቃው ድባብ በእውነት ደስ ይላል፤ ሰዓትም አያስቸኩልም። ነገር ግን የጌሙ አብዛኛው ክፍል ንባብ ነው፣ ያውም የወሬ እንግሊዝኛ፣ ቀልድና አሽሙር ያለበት። በ12.99 ዶላር የሚገዛው ሰው እንግሊዝኛ ልብ ወለድ አንብቦ የሚደሰት ከሆነ ይግዛው፤ ቡና ማፍላቱን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ግን ይተወው።

ስለ አከፋፈሉ። ስቲምም ሆነ ፕሌይ ስቶር በብር ካርድ ስለማይሠሩ ብዙው ሰው የሚገዛው ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው። በስቲም ስጦታ መላክ የሁለቱ አገሮች ዋጋ ሲራራቅ ላይፈቀድ ይችላል፤ ስታርዲው ቫሊና ኤ ሾርት ሃይክ ጂኦጂ (GOG) በተባለው ሌላ የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይም ስለሚገኙ በዚያ በኩል በስጦታ መቀበል ይቀላል። ከጂኦጂ የሚወርደው መጫኛ ፋይል እንደገና ኢንተርኔት ስለማይጠይቅ፣ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ወደ ቤት መውሰድ ይቻላል። በቴሌግራም ቻናሎች የሚዘዋወሩት ነፃ ቅጂዎች ማሻሻያ አያገኙም፣ ስልክ የሚጎዳ ነገርም ሊኖራቸው ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ለዓመታት የለፋበትን ሥራ ዋጋ ማሳጣት ነው።

ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል። ጌሙ ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ ሁሉ ስለሚቆጠር፣ ከፍቶ ሻይ ለመጠጣት የወጣ ሰው የመሞከሪያ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ ስለዚህ የገዙትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍቱት መብራቱ ባለበት፣ ሌላ ጉዳይ በሌለበት ሰዓት ይሁን።