ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር የሚደርስ ዙም ሌንስ በባሕር ዳርቻ፦ የወራት አገልግሎት ግምገማ

ይህን ሌንስ ለበርካታ ወራት የተገለገልኩበት ለአንድ ሥራ ነው፤ በባሕር ዳርቻ የሚያድኑ አእዋፍን፣ በተለይም ዓሣ አጥማጁን ኦስፕሬይና በገደል ላይ የሚውለውን ፔሬግሪን ጭልፊት ፎቶ ለማንሳት። ሲገዙት ዓይን የሚስበው 600 የሚለው ቁጥር፣ ማለትም ሩቁን በጣም የሚያቀርበው የሌንሱ ከፍተኛ የትኩረት ርዝመት ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ሌንሱን የምመዝነው በፎከሱ ፍጥነትና ጨውን በመቋቋም አቅሙ ነው።

ኦስፕሬይ ከውኃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ሲቆም ለፎከስ በቂ ጊዜ ይሰጣል። ፈተናው የሚመጣው እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ቁልቁል ሲወረወር ነው፤ ከበስተኋላው የነበረው ሰማይ በቅጽበት በሚያብለጨልጭ ማዕበል ስለሚተካ ፎከሱ ወፉን ለቆ ውኃውን ይይዛል። የፎከስ መገደቢያውን (ፎከሱ የሚፈልግበትን ርቀት የሚወስነውን ማብሪያ) ከ10 ሜትር በላይ ባለው ርቀት ላይ ማድረግ ሌንሱ በከንቱ ወደ ቅርብ እንዳይሄድ ስለሚያግደው፣ ወፉን መልሶ የሚያገኝበት ጊዜ በእጅጉ ያጥራል። የሻተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/2500 ሰከንድ ሲሆን፣ ወፉ ከውኃው ወጥቶ ላባውን ሲያራግፍ የሚበተኑት ጠብታዎች ሳይቀሩ ጥርት ብለው ይታያሉ። ጥቂት ቆይቶ የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ፊት አዙሮ ሲይዝም፣ ውጫዊው ጣቱ ወደ ኋላ ታጥፎ ዓሣውን ሁለት በሁለት ሆኖ እንደጨበጠው በፎቶው ላይ መለየት ይቻላል።

ፔሬግሪን ለአደን ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ ያንን አልተከታተለም ብዬ ሌንሱን አልወቅስም። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲነሳ ግን ጭልፊቱ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሌንሱ ያገኘኋቸው ምርጥ ፎቶዎችም የዚህ ጊዜ ናቸው። በ400 ሚሊሜትር ጥራቱ ከ600 ይበልጣል፤ በ600 ደግሞ አፐርቸሩን፣ ማለትም ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠበውን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ከ6.3 ወደ 8 ማጥበብ ይረዳል።

ፀሐይ ከፍ ስትል ከአሸዋው የሚነሳው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው የሩቅ ወፍ ላባ ይደበዝዛል። ይህን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም፤ እንዲያውም 600 ሚሊሜትር ወፉን ሲያቀርብ የሚርገበገበውንም አየር አብሮ ያጎላዋል። መፍትሔው በማለዳ መውጣት ነው። የ600 ሚሊሜትር እውነተኛ ጥቅም ጎጆ ባለበት ቦታ ይታያል፤ ወፏ ተረብሻ ብትነሳ እንቁላሎቹና ጫጩቶቹ ለፀሐይና ለብርድ ስለሚጋለጡ፣ ከሩቅ ሆኖ ማንሳት መቻል ለእኔ ከማንኛውም የፎቶ ጥራት ይበልጣል። ወፏ ደጋግማ ከጮኸች ግን በ600 ሚሊሜትርም ቢሆን ርቀቱ አልበቃም ማለት ነው፤ ወዲያውኑ መራቅ ይገባል።

ቅሬታዬ በአሠራሩ ላይ ነው። ዙም በተደረገ ቁጥር በርሜሉ (የሌንሱ ቱቦ) ስለሚረዝም እርጥበትና ደቃቅ አሸዋ የያዘ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከወራት በኋላ የዙም ቀለበቱ መሐል ላይ ሲደርስ መንቀርፈፍ ጀምሯል። ከእያንዳንዱ ቀን ሥራ በኋላ አካሉን በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ አብሼ አደርቀዋለሁ፤ የፊት መስታወቱን ግን የጨው ቅንጣቶች እንዳይቧጭሩት በደረቅ ጨርቅ ፈጽሞ አልነካውም። አልፎ አልፎ ብቻ ወደ ባሕር ለሚወርድ ሰው ይህ ሌንስ በቂ ነው። ዘወትር በማዕበል ፍንጣቂ አጠገብ ለሚሠራ ግን ክብደቱ ቢጨምርም ዙም ሲደረግ የማይረዝመውን ዓይነት እንዲመርጥ እመክራለሁ።