ኦሪጅናል ሸክላ፣ የእንግሊዝ እትም ወይስ ዳግም እትም? ለሶል ሙዚቃ ሸክላ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ትንንሽ ሸክላዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው በ1968 መጀመሪያ ላይ ቮልት በተባለው አሳታሚ ስም የወጣው የኦቲስ ሬዲንግ «ዶክ ኦቭ ዘ ቤይ» ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር በአራት ዶላር ገዛሁት። ሁለተኛው ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው የአንድ የዴትሮይት ዘፋኝ ዳግም እትም ነው፤ ገና አዲስ ሲሆን አሥራ አምስት ዶላር ከፍዬበታለሁ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረው ኦሪጅናል ከአዲሱ ቅጂ መርከሱ የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ሙዚቃ ሸክላ መሰብሰብ ለጀመረ ሰው እንቆቅልሽ ይሆንበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱ ቀላል ነው። ኦቲስ ሬዲንግ ዲሴምበር 10 ቀን 1967 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ዘፈኑ ከሞቱ በኋላ ወጥቶ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂም ተሸጠ። ስለዚህ ዛሬም በየምድር ቤቱና በየጋራዡ ተቆልሎ ይገኛል። ብርቅ የሚባለው የሶል ሸክላ ግን ብዙውን ጊዜ ብርቅ የሆነው በዘመኑ ገዢ ስላጣ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው የተረፈው ቅጂ ማነስ እንጂ የዘፋኙ ድምፅ አይደለም። ይህን ልብ ያለ ገዢ ከሦስቱ አማራጮች፣ ማለትም ከአሜሪካው ኦሪጅናል፣ ከእንግሊዙ እትምና ከዳግም እትሙ፣ የትኛውን ለየትኛው ዘፋኝ መግዛት እንዳለበት ለመለየት አይቸገርም።

የዋጋው ጫፍ የት እንደሚደርስ ለማየት ፍራንክ ዊልሰንን መጥቀስ ይበቃል። በ1965 በዴትሮይቱ ትልቅ አሳታሚ በሞታውን ሥር ለነበረው «ሶል» ለተሰኘው አሳታሚ «ዱ አይ ላቭ ዩ»ን ተጫወተ። ሸክላው ገበያ ሳይወጣ ቅጂዎቹ እንዲወገዱ ተደረገ፤ ዊልሰንም ፊቱን ወደ ግጥምና ዜማ ድርሰት እንዲሁም ወደ ዝግጅት አዞረ። የተረፉት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በ2009 በ25,742 ፓውንድ ተሸጠ፤ በ2020 ደግሞ ከ100,000 ፓውንድ በላይ ማውጣቱ ተዘገበ። ይኸው ዘፈን በ1979 እንግሊዝ ውስጥ ታምላ ሞታውን በተባለው የሞታውን የእንግሊዝ መለያ ስም ዳግም ታትሟል። ዘፈኑ ልብን የሚያስፈነድቅ ድንቅ ሥራ ነው፤ ደስታው ግን በ1979ኙም ቅጂ ላይ ያው ነው።

የአሜሪካው ኦሪጅናል

እኔ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቴ ድምፁ ነው። የ1960ዎቹ ባለ 45 ሸክላ፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ፣ የተዘጋጀው ለሬዲዮና በየቡና ቤቱ ለነበረው ጁክ ቦክስ (ሳንቲም ሲከተትበት ሸክላ ለሚያጫውት ማሽን) ነበር። ሙዚቃው በአንድ መስመር፣ ማለትም በሞኖ ተደባልቆ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ተቀርጿል። ከበሮው፣ ቤዙና ዘፋኙ አንድ ላይ ተጠጋግተው ከፊት ለፊት ይመጣሉ። በዚያው ዘመን በወጡ ብዙ ስቴሪዮ ሎንግ ፕሌዮች (ብዙ ዘፈን በሚይዙ ትልልቅ ሸክላዎች) ላይ ግን ዘፋኙ በአንድ ጎን፣ ባንዱ በሌላ ጎን ተነጣጥለው ይሰማሉ። የቮልት ባለቤት የሆነው አሳታሚ ስታክስ ሜምፊስ ውስጥ ስቱዲዮ ያደረገው የቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ወለሉ ተዳፋት እንደሆነ ቀርቶ ነበርና የክፍሉ ማስተጋባት በሸክላዎቹ ላይ ይሰማል። በሞኖው ባለ 45 ላይ ያ ክፍል አብሮ ይዘፍናል።

ደስ የሚለው ነገር የታላላቆቹ ዘፋኞች ኦሪጅናል ርካሽ መሆኑ ነው። አሬታ ፍራንክሊን በአትላንቲክ፣ ኦቲስ ሬዲንግ በቮልት፣ ሳም እና ዴቭ በስታክስ ያወጧቸው ታዋቂ ዘፈኖች ከአሥር ዶላር በታች ይገኛሉ። እነዚህን በዳግም እትም መግዛት ለእኔ ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የተሠራበት ነገር ነው። ብዙ የአሜሪካ ባለ 45 ሸክላዎች የተሠሩት ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከሚባል ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ቪኒል በጣት ሲጫኑት ትንሽ ይጎብጣል፤ ስታይሪን ግን ግትር ነው፤ በጥፍር መታ ሲያደርጉት ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ስታይሪን ለከባድ መርፌ አይመችም፤ በጁክ ቦክስ ውስጥ የከረመ ከሆነ ላዩ እያብረቀረቀ እንኳ ውስጡ ተፍቆ፣ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የሚንሻሸውን ድምፅ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ስታይሪንን በዓይን ብቻ አትግዙ፤ ሻጩ እንዲያጫውትላችሁ ጠይቁ።

ስለ ይዞታ ደረጃም ጥቂት ልበል። ሻጮች የሚጠቀሙት የደረጃ አሰጣጥ ከፍጹም አዲስ ይጀምርና «አዲስ ሊባል የሚችል»፣ «በጣም ጥሩ ፕላስ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» እያለ ይወርዳል። ስሞቹ አሳሳች ናቸው። «ጥሩ» የተባለው ሸክላ በእውነት የተጎዳ ነው። በተለመደው ስሌት «በጣም ጥሩ ፕላስ» «አዲስ ሊባል ከሚችለው» ዋጋ ግማሹን፣ «በጣም ጥሩ» ደግሞ ሩቡን ያወጣል። ለማዳመጥ የሚገዛ ሰው «በጣም ጥሩ ፕላስ» ላይ ቢቆም ይበጀዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት ለጆሮ ሳይሆን ለዓይን የሚከፈል ነው።

አሁን ወደ ሐሰተኛው ቅጂ ልግባ፤ ይህን ትምህርት በ180 ዶላር ነው የገዛሁት። በአንድ የሸክላ ገበያ ላይ ከዴትሮይት ትንሽ አሳታሚ የወጣ ብርቅ ሸክላ አገኘሁና ሳላመነታ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ከጠረጴዛ መብራት ሥር ገለበጥኩት። ሙዚቃው ካለቀ በኋላ እስከ መሐሉ ወረቀት ድረስ ያለችውን ለስላሳ ቀለበት በማጉያ መነጽር አየሁ። እውነተኛው ቅጂ እዚያ ላይ የማተሚያ ቤቱ ምልክት በማኅተም ተመትቶ እንደሚገኝ በኢንተርኔት ካሉ ፎቶግራፎች አይቼ ነበር። የእኔው ላይ በእጅ የተጫረ ቁጥር ብቻ አለ፤ የመሐሉ ወረቀት ፊደላትም ጠርዛቸው የደበዘዘ፣ ከሌላ ወረቀት ላይ በፎቶ የተነሡ መሆናቸው የሚያስታውቅ ነው። ሳጫውተው ዘፋኟ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ ሆና የምትዘፍን ይመስል ነበር። በ1970ዎቹ ለጭፈራ ቤቶች ገበያ ተብሎ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሸክላ ነበር። ሻጩን መልሼ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ከሃምሳ ዶላር በላይ ከመክፈላችሁ በፊት ያቺን ለስላሳ ቀለበት በፎቶ እንዲያሳዩአችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሚሺጋን ውስጥ ኦዎሶ በምትባል ከተማ የነበረው አሜሪካን ሬከርድ ፕረሲንግ ለሞታውን ያተማቸው ብዙ ሸክላዎች «ኤ፣ አር፣ ፒ» የሚሉ ፊደላት የተመቱባቸው ናቸው። ኒውዮርክ ውስጥ የተቀረጹት ብዙዎቹ ደግሞ «ቤል ሳውንድ» የሚል ማኅተም አላቸው። ሐሰተኛ የሚያትም ሰው የወረቀቱን ቀለም ቢያስመስል እንኳ በአብዛኛው ለእነዚህ ማኅተሞች አይጨነቅም። እያንዳንዱ እትም ምን ምልክት እንዳለው ዲስኮግስ በተባለው የሸክላዎች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

የእንግሊዝ እትም

እንግሊዞች የአሜሪካን ሶል ከአሜሪካውያን አብልጠው የጠበቁ ሰዎች ናቸው ብል አላጋነንኩም። በሰሜን እንግሊዝ ወጣቶች በአሜሪካ የተረሱ ፈጣን የሶል ሸክላዎችን እያሳደዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍሩ ነበር፤ ሙዚቃውም «ኖርዘርን ሶል» ተባለ። ከ1973 እስከ 1981 የቆየው ዊጋን ካሲኖ የዚህ ባህል ዋና ቤት ነበር። አጫዋቾቹ ተፎካካሪ እንዳያውቅባቸው የሸክላውን ስም በወረቀት ይሸፍኑት ነበር። ግሎሪያ ጆንስ በ1965 ያወጣችው «ቴይንትድ ላቭ» በአገሯ ሳይታወቅ ቀርቶ እዚያ የጭፈራ መድረኩ ንግሥት ያደረጋት በዚህ መንገድ ነው።

እንደ ዕቃ ካየነው የእንግሊዝ እትም በአብዛኛው ከቪኒል ስለሚሠራ ጸጥ ያለና ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ነው። ነገር ግን ከአሜሪካ በተላከ የቴፕ ግልባጭ ስለሚዘጋጅ፣ ድምፁ ከአሜሪካው ለስለስ ይላል። ዋጋው ደግሞ ለብቻው የቆመ ዓለም ነው። የዳረል ባንክስ «ኦፕን ዘ ዶር ቱ ዩር ሃርት» በ1966 አሜሪካ ውስጥ በደንብ የተሸጠ ስለሆነ ኦሪጅናሉ በቀላሉ ይገኛል። በእንግሊዝ «ለንደን» በተባለው አሳታሚ ስም የወጣው ለሽያጭ የታተመ ቅጂ ግን በ2014 ከ14,000 ፓውንድ በላይ አወጣ። ዘፈኑ አንድ፣ ዘፋኙ አንድ። የእንግሊዝን እትም የምመክረው የታምላ ሞታውንን መለያ በተከታታይ ቁጥሩ ለሚሰበስብ ሰው ነው። ለሌላው አያስፈልግም።

ዳግም እትም

ዳግም እትም ስል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ማለቴ ነው። አንዱ ባለመብቱ ፈቅዶ፣ ዘፋኙ ወይም ወራሾቹ ድርሻቸውን አግኝተው፣ ከኦሪጅናል ቴፕ የሚታተም ነው። ሌላው ማን እንዳሳተመው የማይታወቅ፣ ከአሮጌ ሸክላ ወይም ከሲዲ የተገለበጠ ነው። ዋጋቸው ይቀራረባል፤ ሽፋኑ ላይ ባለመብቱ ካልተጠቀሰ አትግዙት።

ከታማኞቹ ሁለቱን ልጥቀስ። የእንግሊዙ ኤስ ሬከርድስ ከ1982 ጀምሮ ኬንት በተሰኘው ስሙ ብርቅ ሶል እያሳተመ ነው፤ ቴፖችን ከየመጋዘኑ ፈልጎ፣ የዘፋኞቹን ታሪክ ዘርዝሮ ያቀርባል። በ2003 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ኒውሜሮ ግሩፕ ደግሞ የጀመረው ካፕሶል የተባለውን የኮሎምበስ ኦሃዮ ትንሽ አሳታሚ ከመረሳት በማውጣት ነው። የእነዚህን ሥራ ስገዛ ደስ ይለኛል። ለአሮጌ ሸክላ የማወጣው ገንዘብ ሻጩ ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ ለተፈቀደ ዳግም እትም የምከፍለው ግን ከፊሉ በወጣትነታቸው ምንም ያላገኙት ዘፋኞች ዘንድ የመድረስ ዕድል አለው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉም ቴፕ ግን አልተረፈም። በ1978 የአትላንቲክ ቴፖች የተከማቹበት የኒው ጀርሲ መጋዘን ሲቃጠል ያልታተሙ ብዙ ቅጂዎች አብረው ጠፍተዋል። የትንንሾቹ አሳታሚዎች ቴፕማ አብዛኛው የት እንደገባ አይታወቅም። ለዚህ ነው አንዳንድ ሕጋዊ ዳግም እትም እንኳ ከሸክላ የሚገለበጠው። ሐቀኛ አሳታሚ ይህንን ሽፋኑ ላይ ይጽፋል።

የስታክስን ሙዚቃ ለሚፈልግ ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ስታክስ ከአትላንቲክ ጋር በነበረው ውል ምክንያት በ1968 ሲለያዩ እስከዚያ ድረስ አትላንቲክ ያከፋፈላቸውን ሥራዎች መብት አጣ። ስለዚህ የኦቲስ ሬዲንግ መብት በአትላንቲክ በኩል ሲሆን፣ እንደ አይዛክ ሄይስ ያሉት የኋለኞቹ የስታክስ ሥራዎች ኮንኮርድ በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ እጅ ናቸው። ትክክለኛው ስም ሽፋኑ ላይ መኖሩን ማየት ሐሰተኛውን ለመለየት ይረዳል።

ሁለት ድምፆች፣ ሁለት ውሳኔ

ከሶል ዘፋኞች ሁሉ ማንን ትመርጣለህ ብትሉኝ ጄምስ ካር እላለሁ። ብዙ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ ኦቲስ ሬዲንግን ያስቀድማሉ። ኦቲስ ስሜቱን ወደ አድማጩ እየገፋ ይዘፍናል፤ ቃሉን ይሰባብራል፣ ይደጋግማል፣ ከባንዱ ጋር ይሽቀዳደማል። ጄምስ ካር ግን ይይዘዋል። በ1967 ጎልድዋክስ የተባለው አሳታሚ ባወጣለት «ዳርክ ኤንድ ኦቭ ዘ ስትሪት» ላይ ድምፁ ሊፈነዳ ሲል መለስ ይላል፤ አድማጩ ያቺን ፍንዳታ እየጠበቀ ዘፈኑ ያልቃል። በአእምሮ ሕመም ሲቸገር ኖሮ በ2001 ያረፈ ሰው ነው፤ ያንን ሳውቅ የመቆጠቡ ክብደት በእጥፍ ተሰማኝ።

ለግዢው ሲሆን፣ የኦቲስን ነጠላ ዜማዎች በኦሪጅናል ግዙ። የጄምስ ካር የጎልድዋክስ ባለ 45 ሸክላም ከእነ ኦቲስ ትንሽ ቢወደድ እንጂ ከአቅም በላይ አይደለም። ሎንግ ፕሌዩ ግን በደህና ይዞታ በመቶዎች ዶላር ስለሚጠየቅበት የኬንትን ዳግም እትም ያዙ፤ እኔም ያንኑ ነው የማዳምጠው።

ይህ ሒሳብ ለአገራችን ሸክላም ይሠራል። ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የተባለው ይህንኑ ሙዚቃ በልቡ ስላሳደረው ነው። አምሐ እሸቴ በ1969 በመሠረተው አምሐ ሬከርድስ የወጡት ባለ 45 ሸክላዎች ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች እጅ በውድ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹም በየቤቱ ተጭረው የተረፉ ናቸው። ለጆሮው የሚገዛ ሰው በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የታተሙትን ቢይዝ ጥርት ያለ ድምፅ ያገኛል። የአባቱን ወይም የእናቱን ሸክላ ቤት ውስጥ ያገኘ ሰው ግን ቢጭርም ባይጭርም አይሽጠው።

መቶ ዶላር ይዤ ዛሬ ብጀምር ሠላሳውን ለስድስት ወይም ለሰባት ታዋቂ ኦሪጅናሎች፣ ሃያ አምስቱን ለአንድ የጄምስ ካር ባለ 45፣ ሌላ ሃያ አምስት ለአንድ የኬንት ወይም የኒውሜሮ ስብስብ አውላለሁ። በቀሪው ሃያ ዶላር የአቧራ ብሩሽ፣ የሸክላ ኪሶችና የአሜሪካ ሸክላ መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ስላለው እሱን የሚሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት እገዛለሁ።