አዳማ ላይ ጎመን የት ይተከል? መሬት ወይስ ጆንያ?

አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፀሐይዋና ነፋሷ አፈሩን ቶሎ ያደርቁታል። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ስለ ውሃ አስቡ።

ትንሽም ብትሆን መሬት ያለው ሰው መደብ ቢሠራ እመርጣለሁ። ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ጎመንና ቲማቲም ሙቀቱን ይቋቋማሉ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ላዩን በጤፍ ጭድ ብትሸፍኑት እርጥበቱ ይቆያል። ትኩስ ፍግ ግን ችግኙን ያቃጥላል። በበጋ መደቡ ከአካባቢው ዝቅ ቢል ውሃ ይይዛል፤ ክረምት ሲገባ ከፍ ይበል፣ አለዚያ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል። ካሮትም የሚያምረው እንዲህ ባለ ጥልቅና ልል አፈር ላይ ነው።

ጆንያ ለተከራይና ግቢው ሲሚንቶ ለሆነበት ሰው ነው፤ ቤት ሲለቀቅ አብሮ ይሄዳል። ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ ያበቅላል፤ ከታች መብሳቱን አትርሱ። ችግሩ ጥማቱ ነው፦ በሚያዝያ ሙቀት ጠዋትና ማታ መጠጣት ይፈልጋል፣ ቧንቧ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰፈር ደግሞ ይህ ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር አስቀምጡት፤ ሳሙና ያልነካው የአትክልት ማጠቢያ ውሃም ለእሱ ይሁን።