ሦስት አፍ ያለው የመምጠጫ ቫልቭ፦ ለአዳማ የቤት መዋኛ ገንዳ ምን ያህል ይጠቅማል?

አዳማ ላይ የመዋኛ ገንዳ ዋና ፈተናው ነፋስ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባሉት ኮረብቶች ላይ የ51 እና የ153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ነፋስ ቅጠሉንና አቧራውን አምጥቶ ገንዳው ላይ ያራግፈዋል። የሚንሳፈፈውን ስኪመሩ፣ ማለትም በገንዳው ግድግዳ ላይ በውሃው ገጽ ከፍታ ያለው መሳቢያ አፍ፣ ይቀበላል፤ ወደ ታች የሚወርደውን ደቃቅ አቧራ ደግሞ የወለሉ መምጠጫ፣ ማለትም ሜይን ድሬኑ፣ ከታችኛው ውሃ ጋር ይስባል። ፓምፑ ግን አንድ ነው። ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው ይቀነሳል።

ይህን የማካፈል ሥራ የሚሠራው ሦስት አፍ ያለው የፒቪሲ ቫልቭ ነው። ሁለቱ አፎች ከስኪመሩና ከሜይን ድሬኑ የሚመጡትን ቧንቧዎች ይቀበላሉ፤ ሦስተኛው ወደ ፓምፑ ይወስዳል። ውስጡ የሚሽከረከር ምላስ አለ፤ ከላይ እጀታውን ሲያዞሩት አንዱን አፍ እየሸፈነ ሌላውን ይከፍታል። በአብዛኞቹ ዓይነቶች እጀታው ላይ «ኦፍ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉ ያረፈበት አፍ የተዘጋው ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያነባል፣ ስኪመሩን ዘግቶም «ቅጠሉ ለምን አይሳብም?» ይላል።

ብዙ ግቢ ውስጥ የሚታየው ግን ይህ ሳይሆን በየመስመሩ ላይ ለየብቻ የገባ ሳራቺኔስካ ወይም ቦል ቫልቭ ነው። ርካሽ ነው፣ በየዕቃ ቤቱም ይገኛል። ችግሩ ሁለቱን በስህተት አንድ ላይ መዝጋት መቻሉ ነው፤ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር የዘንጉ ማሸጊያ ይሞቃል፣ ይቃጠላል፣ ከዚያ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ቦል ቫልቩ በሩብ ዙር ስለሚዘጋ ለጥቃቅን ማስተካከያም አይመችም፤ ለወራት ሳይነካ ከቆየ ደግሞ ይደርቅና እጀታው ይሰበራል። ሦስት አፍ ያለው ቫልቭ፣ የእጀታው ማቆሚያ ካልተነሳ በቀር፣ ሁለቱንም መስመር በአንድ ጊዜ አይዘጋም። የዋጋ ልዩነቱን የሚያመጣው ይህ ነው፤ በእኛ ግምት ይገባዋልም።

አሁን አደገኛው ጉዳይ። ይህ ቫልቭ ስኪመሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ የፓምፑን ኃይል በሙሉ ወደ ወለሉ ሊያዞር ይችላል። ወለሉ ላይ ያለው መምጠጫ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ክዳኑም ጠፍጣፋ ወይም የተሰበረ ከሆነ፣ የሕፃን ሆድ፣ ጀርባ ወይም ፀጉር ከላዩ ሲገጥም ፓምፑ እስኪጠፋ ድረስ አይለቅም። ትልቅ ሰው እንኳ በጉልበት ሊያላቅቀው አይችልም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ገንዳዎች ልዩ ሕግ ያወጣችው በዚህ ዓይነት አደጋ ሕፃናት በመሞታቸው ነው። መፍትሔው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ በቲ (ሦስት አፍ ባለው የቧንቧ መገጣጠሚያ) ተያይዘው፣ በመካከላቸው ምንም ቫልቭ ሳይኖር የሚስቡ ሁለት መምጠጫዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ጎበጥ ያለ፣ በብሎን የታሰረ ክዳን ይኑራቸው። አንዱ በሰውነት ቢሸፈን ውሃው ከሌላኛው ይመጣል። ነባር ገንዳዎ አንድ ድሬን ብቻ ካለው ይህን ቫልቭ ከመግዛትዎ በፊት ገንዘቡን እዚያ ላይ ያውሉት። እስከዚያው ሰው ሲዋኝ የድሬኑን መስመር ይዝጉ፣ በስኪመሩ ብቻ ይሥሩ።

ግዢ ላይ የሚያሳስተው መጠኑ ነው። በገበያችን ያለው የፒቪሲ ቧንቧ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው፤ 50 እና 63። የአሜሪካ ሥሪት ቫልቭ ግን በኢንች ነው፤ ባለ 2 ኢንቹ የሚቀበለው የውጭ ስፋቱ 60.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ ነው። 63ቱ አይገባም፣ 50ው ይወዛወዛል። ቧንቧውን በእሳት አለስልሶ ማስገባት ወይም ክፍተቱን በማጣበቂያ መሙላት ለጊዜው ይይዛል፤ መምጠጫ መስመር ላይ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ አየር ያስገባል። ወይ በሚሊ ሜትር የተሠራ ቫልቭ ይግዙ፣ ወይ ከኢንች ወደ ሚሊ ሜትር የሚያሸጋግር መገጣጠሚያ አብረው ይግዙ። ካሊፐር (የቧንቧ ስፋት መለኪያ) ይዞ ዕቃ ቤት መሄድ አያሳፍርም።

ሲገጠም ማጣበቂያው የሚቀባው ቧንቧው ጫፍ ላይ ይሁን፤ አፉ ውስጥ በብዛት ከተቀባ ወደ ምላሱ ፈስሶ ቫልቩን አንዴ ለሁልጊዜ ያጣብቀዋል። ቧንቧውን ሩብ ዙር እያዞሩ አስገብተው 30 ሰከንድ ያህል ይዘው ይቆዩ፣ ፓምፑን ለማስነሳት 24 ሰዓት ይጠብቁ። በቫልቩና በፓምፑ መካከል ቢያንስ የቧንቧው ስፋት አምስት እጥፍ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይኑር፤ ለ50 ሚሊ ሜትር 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ክርን (ቧንቧውን የሚያጥፍ መገጣጠሚያ) ፓምፑ አፍ ላይ ከተገጠመ ውሃው እየተናወጠ ይገባል፣ ፓምፑም ይጮኻል።

የማመጣጠኑ ሥራ ሰው ውሃው ውስጥ ሳይኖር ይሠራል። ውሃው እስከ ስኪመሩ አፍ ግማሽ ይሙላ። የስኪመሩና የፓምፑ ቅርጫት ይጽዳ፣ የአሸዋ ፊልተሩ ባክዋሽ ይደረግ (ውሃ በተቃራኒው እየገፋ ይጠበው)፤ በቆሸሸ ፊልተር የተስተካከለ ነገር በማግስቱ ይዛባል። እጀታውን ወደ ስኪመሩ ሙሉ ይክፈቱና አምስት ደቂቃ ይመልከቱ። ውሃው አፉ ላይ እንደ ጠመዝማዛ ከተሰረጎደ፣ ወይም በፓምፑ ግልጽ ክዳን ሥር አረፋ ከታየ፣ ስኪመሩ ከሚችለው በላይ እየሳበ ነው። ከዚያ እጀታውን ወደ ድሬኑ ጥቂት በጥቂት ያምጡ። ጠመዝማዛው ሲጠፋ፣ የስኪመሩ ተንሳፋፊ በር ግን ወደ ውስጥ እንዳዘነበለ በነፃነት ሲወዛወዝ፣ ያ ትክክለኛ ቦታው ነው። ለማረጋገጥ ከስኪመሩ አንድ ሜትር ርቆ ደረቅ ቅጠል ይጣሉ፤ ሳያመነታ መግባት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 75 በመቶው ወደ ስኪመሩ ሲሄድ ይስማማል። እጀታው መሐል ላይ ነው ማለት ግን ውሃው እኩል ተካፈለ ማለት አይደለም፤ የድሬኑ ቧንቧ ረዝሞ ክርኖች ከበዙበት ድርሻው ያንሳል። በቀለም ሁለት ምልክት ያድርጉ፤ አንዱ ነፋስ ለሚበዛበት ጊዜ፣ ሌላው ለተረጋጋው። ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ የታችኛው ውሃ እንዲቀላቀል ለጥቂት ሰዓታት ወደ ድሬኑ ማድላት ይጠቅማል፤ ሁለት ድሬን ላለው ገንዳ ብቻ።

ስኪመሩ ነፋሱ በሚገፋበት ዳር ካልተሠራ ቫልቩ ብዙም አያድነውም። ቅጠሉ በተቃራኒው ጥግ ይሰበሰባል፣ ማንም እጀታ አይጠራውም።

ፓምፑ ያለበትን ሁኔታ በዓይን ከመገመት አነስተኛ የቫኪዩም ማኖሜትር (የመሳብ ኃይል መለኪያ) በፓምፑ የማፍሰሻ ቀዳዳ ላይ ማሰር ይሻላል። እስከ 0.2 ባር ጤናማ ነው፤ ከ0.3 ካለፈ አንድ ቦታ ጠቧል። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 8.5 ሜትር ያህል የውሃ ዓምድ ብቻ ነው የሚሸከመው፤ ባሕር ዳርቻ 10.3 ነው። ስለዚህ መሳቡ ሲከብደው ውሃው ፓምፑ ውስጥ አረፋ እየሆነ፣ ፓምፑ አምራቹ ካተመው ቁጥር ቀድሞ የጠጠር ድምፅ ያሰማል። ፓምፑን ከውሃው ገጽ በታች ማስቀመጥ ካልተቻለ ቧንቧውን ማስፋት ነው። 8 በ4 ሜትር ሆኖ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 የሆነ ገንዳ 45 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ሙሉውን ውሃ በ6 ሰዓት ውስጥ በፊልተሩ ለማዞር በሰዓት 7.5 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ በ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1.3 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ለመምጠጫ መስመር የፍጥነቱ ጣሪያ 1.8 ነው።

የቫልቩ ደካማ ጎን ከላይ ክዳኑ ሥር ያለው ክብ ጎማ ነው። ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ጎማው ይደርቃል፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም አየር በዚያ ይገባና ውሃው ወደ ገንዳው ይመለሳል፣ መብራት ሲመጣ ፓምፑ ባዶውን ይዞራል። ፓምፑ እየሠራ ሳለ በክዳኑና በእጀታው ዙሪያ የጢም መላጫ አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ የተሰረጎደበት ቦታ አየር የሚገባበት ነው። ብሎኖቹን በካቻቪቴ በመስቀለኛ ተራ ያጥብቁ። ካልቆመ ጎማው ይቀየራል፤ አዲሱ የሚቀባው በሲሊኮን ግሪስ ነው። የመኪና ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል።