ብራውን ተርኪ፣ ሴሌስት ወይስ ብላክ ሚሽን? ለጓሮ የሚሆን የበለስ ችግኝ ስትገዙ

የበለስ (የቁልቋሉ ሳይሆን የዛፉ በለስ) ችግኝ ስትመርጡ መጀመሪያ የሚማርካችሁ የፍሬው ፎቶ ነው፣ ትልቅና ደማቅ የሆነውን ብድግ አድርጎ መሄድ ያምራል። እኔ ግን ከዛ በፊት ሁለት ነገር አስቡ እላለሁ፦ ፍሬው በሚበስልበት ሰሞን ዝናብ ይጥላል ወይ? ለዛፉ ያላችሁ ቦታስ ምን ያህል ነው? ጣዕሙማ ብራውን ተርኪ፣ ሴሌስትና ብላክ ሚሽን የሚባሉት ሶስቱም ዓይነቶች በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚቆይ ፀሀይ ካገኙ ግሩም ነው።

ለጀማሪ ብራውን ተርኪን የሚያህል የለም። ቶሎ ያድጋል፣ በዛው ዓመት ባወጣው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያፈራ ብትገርዙትም ችግር የለም፣ ብርድ መትቶት እስከ መሬት ቢደርቅ እንኳ ከስሩ አቆጥቁጦ ይነሳል። ፍሬው ትልቅ ነው፣ ቆዳው ቡናማ ሆኖ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ስኳሩ ግን መካከለኛ ነው። ዋናው ድክመቱ ፍሬው ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ክፍት መሆኗ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይገባና ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ ውስጡ ይኮመጥጣል፣ ጉንዳኑም ጥንዚዛውም የሚገባው በሷ ነው።

ሴሌስት እዚህ ላይ ይበልጠዋል። ፍሬው ትንሽ ነው፣ አንዳንዱ ገዢ ገና ሲያየው ይተወዋል፣ ግን ቀዳዳዋ ድፍን ስለሆነች ዝናብም ነፍሳትም እንደልብ አይገባባትም፣ ጣፋጭነቱም ከብራውን ተርኪ በደንብ ይበልጣል። ብርድም ይችላል። ስለዚህ እርጥበት ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ሳታመነቱ ሴሌስት ውሰዱ። ብቻ በሀይል አትግረዙት ፍሬ ይቀንስባችኋል፣ ሙቀትና የውሃ እጥረት ሲደራረብበትም ያልበሰለውን ፍሬ ያራግፋል።

ብላክ ሚሽን ደግሞ የደረቅና የሞቃት አገር ዛፍ ነው። የስፔን ሚሽነሪዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከሉት ነው፣ ስሙም ከዛ መጣ። በዓመት ሁለቴ ያፈራል፣ መጀመሪያ ባለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ላይ ቀጥሎ በአዲሱ ላይ፣ ለማድረቅ ደግሞ ከሶስቱ አንደኛ ነው። ግን በጣም ትልቅ ዛፍ ይሆናል፣ ከባድ ውርጭም አይችልም። ይሄን ዓይነት ስትገዙ ቅጠሉን አገላብጣችሁ እዩ፣ ቢጫ ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ወይም የተጣመመ ቅጠል ካለው ሞዛይክ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ሌሎቹንም ይይዛል ብላክ ሚሽን ላይ ግን ይበዛል፣ መድሀኒትም የለውም።

ካዶታ የሚባለው ቢጫ አረንጓዴው ማርማላታና ጣሳ ለማሸግ ጥሩ ነው፣ ከዛ ውጪ ከሶስቱ አላስቀድመውም።

አደራ የምላችሁ ግን ስምርና የሚባለውን ዓይነት ለጓሮ አትግዙ። ከላይ ያሉት ከሌላ ዛፍ ብናኝ ሳይፈልጉ ብቻቸውን ያፈራሉ፣ ስምርና ግን ከወንዴ በለስ ብናኝ የምታመጣ አንዲት ትንሽ ተርብ ካልገባችበት ፍሬው ሳይበስል ይረግፋል። ከዘር የበቀለ ችግኝም ተዉት፣ ወንዴ ሊወጣ ይችላል፣ እናትየውንም አይመስልም፤ ከቅርንጫፍ ቁራጭ የተባዛ መሆኑን ጠይቁ፣ እንዲህ ያለው በ2 ወይ በ3 ዓመት ያፈራል።

ቦታ ከሌላችሁ ሴሌስት ወይም ብራውን ተርኪ 50 ሊትር አካባቢ በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ደስ ብሎት ይኖራል፣ እንደውም ስሩ ሲጨናነቅ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ወደ ፍሬ ያዘነብላል። ትርፉ ስራ ውሃ ነው፣ በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ በየ2 ወይ 3 ዓመቱም አውጥቶ ስሩን መከርከምና አፈር መቀየር አለ። መሬት ላይ ከሆነ ግን ስሩ በጣም ርቆ ስለሚሄድ ከግድግዳና ከውሃ ቧንቧ አርቃችሁ ትከሉ። ማዳበሪያ በተለይ ናይትሮጅን አታብዙበት፣ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ይሆንና ፍሬ ይከለክላችኋል።

ስትገርዙም ስትለቅሙም ጓንት አድርጉ፣ ነጩ ወተቱ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሀይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ለመልቀም ደግሞ አትቸኩሉ፣ በለስ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ሙዝ ቤት ውስጥ አይበስልም፣ አንገቱ ታጥፎ ሲንጠለጠልና ሲነኩት ለስለስ ሲል ነው የሚወርደው።