አራት ሰርቪስ ክፍልና የጋሼ ደብተር

እህቴ ከቤሩት በምትልከው ብር እናታችን ግቢ ውስጥ አራት ሰርቪስ ክፍል እንዳሠራ አደራ ስትለኝ፣ እኔ ስለ ግንባታ የማውቀው ሲሚንቶ ግራጫ መሆኑን ብቻ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ክፍል ውስጥ ነው የምውለው። ስለዚህ ዕቃ የሚገዛ፣ ግንበኛ የሚጠራ፣ በመጨረሻም ቁልፍ የሚያስረክበኝ ሰው ፈለግኩ። እዚሁ አዳማ እንዲህ ያለ ሥራ ከመሠረት እስከ ቀለም የሚይዙ አንድ አዛውንት ፎርማን አገኘሁ። (ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ ሳላስፈቅድ አልለጥፍም።)

መጀመሪያ ቀን ዋጋ ይነግሩኛል ስል ጥቁር ደብተር አውጥተው ግቢውን በእርምጃ ለኩ። ከዚያ «ልጄ፣ ውሃችሁ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ሁለት ቀን። ጻፉት። የበሩን ስፋት፣ አሸዋው የሚራገፍበትን፣ ሲሚንቶው የሚያድርበትን ሁሉ ጻፉ። ዋጋው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ የእጅ ዋጋ ለብቻ፣ ዕቃ ለብቻ፣ ጊዜው 11 ሳምንት።

የውሃው ጥያቄ የገባኝ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) የተሞላ ዕለት ነው። ሦስት በርሜል ቀድመው አስሞልተው ኖሯል። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ እርጥብ ነገር ቶሎ ያደርቃል፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫ አጠገባችን የተተከለው በከንቱ አይደለም። ፎርሙ (ኮንክሪቱ የተሞላበት ማቀፊያ) ሲፈታ ኮለኑን በጆንያ ጠቀለሉና ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ማታ አጠጡት። «ደርቋል እኮ» ብላቸው፣ «መድረቅና መጠንከር ይለያያል። ሲሚንቶ ውሃ እየጠጣ ነው የሚጠነክረው፤ ጉልበቱን የምንለካው በ28 ቀኑ ነው» አሉኝ። ሙሌቱ ሲቦካም ከመለኪያ ሳጥኑ አጠገብ አይጠፉም፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። በአካፋ በግምት የጣለ የቀን ሠራተኛ ወዮለት!

አንዴ ተጣልተናል። ሴራሚክ በቅናሽ አግኝቼ ቶሎ ይለጠፍ ስል «ቧንቧው ውሃ ሞልቶ ሳያድር ምንም አይለጠፍም» ብለው እንቢ አሉ። እኔ ደግሞ ቅናሹ ሊያልፍብኝ ነው፤ አኩርፌ ወደ ቤት ገባሁ። ጠዋት ስወጣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ጎሚቶው (የቧንቧው መታጠፊያ) ሥር መዳፍ የሚያህል እርጥበት አለ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ በእርሳስ ከበቡትና ቧንቧ ሠራተኛውን ጠሩ። በሴራሚኩ ዋጋ ላይ ማፍረሻውን ስደምር ኩርፊያዬ በረደ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የደብተሩን ገጽ በቴሌግራም ለእህቴ እልካለሁ፤ የወጣ፣ የቀረ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ዕቃ። የሚስማር ሳይቀር። ገንዘብ ልኮ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይቺ ገጽ ብቻዋን ክፍያው ይገባታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ልስን እስኪያልቅ ድረስ እንደ ሰዓት ነበሩ፤ ከዚያ ሌላ ሳይት ያዙና ማጠናቀቂያው ተንዛዛ። ቀለም ቀቢው ሁለት ቀን መጥቶ አራት ቀን ይጠፋል። አንዱ በር ሳምንት ሙሉ ያለ እጀታ ቆመ። 11 ያሉት ሳምንት 14 ሆነ፤ ቀብድ የከፈለ ተከራይ በየቀኑ ይደውልልኛል። ያዳነኝ ደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ በሰፈረው ውላችን ያለው የክፍያው አምስት በመቶ ነው፤ ቁልፍ እስክረከብ ድረስ በእጄ ይቆያል የሚል። ያን አንቀጽ ያስገቡት ደግሞ ራሳቸው ናቸው! ደውዬ «ጋሼ፣ ደብተርዎ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ሳቁ። በማግስቱ ቀለም ቀቢውንም አናጢውንም ይዘው መጡ።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። የምታሠሩ ከሆነ ለማጠናቀቂያው ሥራ ለብቻው ቀን ቁረጡላቸው፣ በጽሑፍ። የአራተኛው ክፍል ማብሪያ ማጥፊያ ዛሬም እንደተገለበጠ ነው፤ ተከራዩ ለምዶታል።