ሜክሲኮ አካባቢ የወሰድነው የሜት ስልጠና፣ ብሩን ያወጣል ወይ?

የግንባታ ሳይታችን ሰንጋ ተራ ነው፣ እኔ ደግሞ ሴፍቲ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። አዋጅ 1156/2011 አሰሪው የደህንነት ኮሚቴ ያቋቁም ስለሚል ተቋቋመ እንጂ እኛ ጋ ኮሚቴ ማለት እስካሁን ሄልሜት ቆጣሪ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ስድስት ሆነን ስለ ሜታምፌታሚን፣ ሜት ስለሚባለው አነቃቂ ዕፅ፣ የግማሽ ቀን ስልጠና ወሰድን፣ በሰው 1,800 ብር። ያሰለጠነንን ድርጅት ስም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ታች ይገባችኋል።

3 ሰዓት ተብለን 4 ከሩብ ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል ባዶ ነው በቃ። ስላይዱ ሁሉ እንግሊዝኛ፣ ጥርሳቸው የረገፈ ፈረንጆች ፎቶ በላይ በላዩ፣ ፌራዮአችን "እንዲህ አይነት ሰው ሰፈሬ አይቼ አላውቅም" ብሎ ስልኩን አወጣ፣ አልፈርድበትም።

ከቡና በኋላ ግን አንዲት ሲስተር ገባች፣ ፕሮጀክተሩን አጠፋችና ነጩ ሰሌዳ ላይ ሰዓት ሳለች። የኛን ሰዓት ማለቴ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ነጥብ አድርጋ "ይሄ ሰውዬ እዚህ ጋ አጨሰ እንበል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይት ሲገባ ስንቱ ወጥቶለታል?" አለች። አልቋል አልን ሁላችንም። ለካ ግማሽ ያህሉ ገና ደሙ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ብቻ እስኪወጣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ክሬን ኦፕሬተሩ ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

ሁለት ሰው ፈልጉ አለችን። አንዱ የሞቀው ነው፣ ምንም የማይፈራ፣ ቀበቶ ሳያስር ስካፎልዲንግ ላይ የሚሮጥ፣ ረሃብም ጥምም የማይሰማው፣ ሰውነቱ ከውስጥ እየጋለ ፀሐይ ላይ የሚውል። ሁለተኛው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ያው ሰውዬ ነው፣ ግን አሁን ወርዶበታል፣ ቆሞ ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል፣ ደጋግመህ ካልነገርከው አይሰማም። እኛ የምናየው የመጀመሪያውን ነው፣ ሁለተኛውን "ደክሞት ነው" ብለን ማሽን ላይ እናስቀምጠዋለን። እውነቷን ነው፣ እኔ ራሴ ስንቱን ደክሞት ነው ብያለሁ።

ጥበቃችን ጋሼ እጃቸውን አውጥተው "ልጄ፣ ጫቱስ?" አሉ፣ ቤቱ በሳቅ። ሲስተሯ አልሳቀችም። "ጋሼ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ የአምፌታሚንና የሜት የሥጋ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው ትኩሱን የምትፈልጉት፣ ሜት ግን ጉልበቱ በጣም ይበልጣል፣ ምርቃና ብላችሁ እንዳትገምቱት" አለቻቸው። ጋሼም እኔ ለሰው ነው የጠየቅኩት አሉ 😂

ደግሞ ታሪኩን ጣል አደረገች፣ በፈረንጅ 1893 አንድ ጃፓናዊ ኬሚስት ነው መጀመሪያ የሰራው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፐርቪቲን ብለው ለወታደር በክኒን አደሉት፣ ጃፓንም ለወታደርና ለፋብሪካ ሠራተኛ፣ እንዳይተኙ ተብሎ። ሌሊት ሙሌት ላይ የሚያድር ልጅ የሚፈልገውም ይሄንኑ እኮ ነው፣ አለመተኛት። እዚህ ላይ ፎርማናችን ዝም አለ፣ የሺፍቱን ሰዓት የሚያወጣው እሱ ነው።

ከተግባሩ ክፍል የያዝኩት፦ ሰውዬው ከተሳከረበት አትክበቡት፣ አትጩሁበት፣ ከማሽንና ከከፍታ ገለል አድርጉት፣ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ አቀዝቅዙት፣ ደረቱን ካመመው ወይ ካንቀጠቀጠው አምቡላንስ፣ 907 ደውሉ። ይሄን በወረቀት ይሰጡናል ስል የተሰጠን ሰርተፍኬት ብቻ።

አሁን ወደ ብስጭቴ። መጨረሻ ላይ አንድ ሱፍ የለበሰ ልጅ የሽንት መመርመሪያ ኪት በካርቶን ይዞ ገባ፣ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ መርምሩ፣ ፖዚቲቭ ከሆነ አሰናብቱ ይላል። ሲስተሯ ከግማሽ ሰዓት በፊት ነበር የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን እንኳን ኪቱን ሊያሳስተው ይችላል፣ ላብራቶሪ ሳያረጋግጥ ሰው አትወንጅሉ ያለችን! ቀና ብላ አላየችውም፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። 1,800 የከፈልነው ማስታወቂያ ለማየት ነው እንዴ?

አዳራሹ ንጹህ ነው፣ ሃይላንድ አለ፣ ቡናው ቀጠነ፣ ፓርኪንግ የለም በእግር ሂዱ። ለሲስተሯ 9 ከ10፣ ለድርጅቱ 4። ለሌሊት ሺፍቱ ልጆች ማታ ሳይት ድረስ እሷው መጥታ ትስጥልን ብዬ ደወልኩላቸው፣ ይቻላል፣ ግን ከ20 ኪት ጋር በፓኬጅ ነው አሉኝ።